ጎማው ለምን ይግላል? ውሃውስ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ከ20 ዓመት በላይ ሠርታለች። የራዲያተሩ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ አላይም። ሰሞኑን ደግሞ ትንሽ ስነዳ የፊት ቀኝ ጎማ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ቸርኬው አያስነካም። ሁለቱ ችግሮች ይገናኛሉ? ሰው ሁሉ «ራዲያተሩን ቀይረው» ይለኛል።

መልስ፦ አይገናኙም ወንድሜ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ለብቻው ነው፣ ፍሬኑም ለብቻው። ራዲያተር ለመግዛት አትቸኩል፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እንይ። ሞተር ቢግል ዳር ይዘህ ትቆማለህ፤ ፍሬን ግሎ እምቢ ካለህ ግን መቆሙ ራሱ ነው የሚቸግርህ።

አንድ ጎማ ብቻ የሚግል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሎ ነው። ፍሬን ብዙም ሳትረግጥ ጥቂት ንዳና እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ፣ አትንካው። የያዘው ጎማ ከሩቁ ይታወቅሃል። ሳይለቅ ቶሎ ብለህ ሜዳ ላይ አቁም፣ ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ አድርግ፣ በክሪክ አንሳውና በጠንካራ መደገፊያ አስደግፈው፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ጎማው በእጅ አልዞር ካለ የካሊፐሩን (የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ላላ አድርግ፣ ግን ዓይንህን ጠብቅ፣ ዘይቱ ትኩስ ነው።

ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ከለቀቀ ካሊፐሩ ላይ አትፍረድ። ግፊቱ የታፈነው ከሱ በላይ ነው፣ ባረጀ መኪና ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ነው። ከውስጥ ያብጥና፣ ስትረግጥ በእግርህ ጉልበት ዘይቱን ያሳልፋል፣ ስትለቅ ግን እንዲመለስ አይፈቅድለትም። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ በዚህ የተነሳ ነው ብዙ ሰው ካሊፐር ቀይሮ ችግሩ እንዳለ የሚቀርበት። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ካልለቀቀ ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጓል ወይም ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀዋል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አብረው ቢግሉ ደግሞ ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ወደሚገፋው ማስተር ሲሊንደር እንሄድ ነበር። ከሙከራው በኋላ የፍሬኑ መስመር ውስጥ የገባውን አየር ሳታስወጣ እንዳትነዳ።

አሁን ውሃው። መሬት ላይ ጠብታ የማታየው የጋለ ብረት ላይ ስለሚተን ሊሆን ይችላል። ኩላንት (የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግን ሲደርቅ ምልክት ይተዋል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ባትሪ ይዘህ የቱቦዎቹን ጫፍ፣ የራዲያተሩ ፕላስቲክና ብረት የሚጋጠሙበትን፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እይ። ነጭ ወይም ባለ ቀለም ቅርፊት ካገኘህ መንገዱን ተከተል። ያቺ ቀዳዳ ካረጠበች የፓምፑ ማኅተም አልቋል።

የፊት መስታወቱ ቅባት ያለው ጉም ከያዘና መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ካለ የማሞቂያዋ ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ መልቀቁን ካላቆመ፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማኅተም) ነው፤ እንዲህ ከሆነ አትንዳት።

ከግምት ሁሉ የሚሻለው ጋራዥ ሄዶ የማቀዝቀዣውን መስመር በእጅ ፓምፕ ግፊት ማስሞከር ነው። የራዲያተሩን ክዳንም አብረው ይሞክሩልህ። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት በክዳኑ ግፊት ከ120 ዲግሪ በላይ ይታገሣል፣ ግፊቱ ካመለጠ ግን 107 አካባቢ ላይ ይፈላል። ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ እኔ አልወደውም፣ የማሞቂያዋን ቀጫጭን ቱቦዎችም አብሮ ሊደፍን ይችላል። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን ፈጽሞ አትክፈት። የፈሰሰውንም ጥረግ፣ ስለሚጣፍጥ እንስሳትና ሕፃናት ይልሱታል፣ መርዝ ነው።

ጥያቄ፦ የፍሬን ዘይቴ ጠቁሯል፣ ግን አልጎደለም። ይቀየር?

መልስ፦ አዎ፣ ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይገባል። በየ2 ዓመቱ ቀይረው፣ ተከፍቶ ከቆየ ጠርሙስ ግን አትጨምርበት።