ፔዳሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ኮርኒሱን እዩ

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ አይነት ነገር ነው፣ ጋሼ ትንሽ ብር ይዣለሁ ቤቴ ስቱዲዮ ልጀምር ነው ምን ልግዛ፣ የትኛው ሪቨርብ (ድምፅ የሚያስተጋባ ኢፌክት) ይሻላል፣ ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ማይክ መርካቶ ይገኛል ወይ፣ አክስቴ ከአሜሪካ ልትመጣ ነው ምን ላስመጣ። ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ። ከካሴት ዘመን ጀምሮ ኑሮዬ ድምፅ መቅዳትና ሚክስ ማድረግ (የተቀዳውን ማዋሃድ) ነው፣ አሁን ደግሞ ለገጣፎ ስለምኖር የናንተን ቤት በደንብ አውቀዋለሁ፣ ቆርቆሮውን፣ ብሎኬቱን፣ መብራቱን፣ ከጀርባ ያለውን ብየዳ ቤት ሁሉ።

የምላችሁ አንድ ነገር ነው፣ ብራችሁን ድምፁ ከሚነሳበት በኩል ጀምራችሁ አውጡ። መጀመሪያ ክፍሉ፣ ከዛ መብራቱ፣ ከዛ የምትሰሙበት ሄድፎን፣ ከዛ ማይክና ኢንተርፌስ (ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ሳጥን)፣ ኢፌክት የሚባለው ሁሉ፣ በእግር የሚረገጠው የኢፌክት ሳጥን ፔዳሉም ጭምር፣ መጨረሻ። ብዙ ልጅ የሚያደርገው ግን ተገላቢጦሹን ነው፣ ቮካል ፕሮሰሰሩን ኮምፕረሰሩን ይገዛና ባዶ ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይዘፍናል። ኮምፕረሰር ምን እንደሚሰራ እስቲ አስቡት፣ ጮክ ያለውን ይጫነዋል ከዛ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ቅድም በስሱ ይሰማ የነበረው የጎረቤት ቲቪ፣ የላፕቶፑ ፋን፣ የባዶው ክፍል ማስተጋባት አብሮ ወደፊት ይመጣል። ሪቨርብም እንደዛው ነው፣ ክፍሉ ቀድሞ የራሱን ሪቨርብ ከቀዳበት በኋላ ሌላ ብትጨምሩበት ቃሉ እየተዋጠ ነው የሚሄደው፣ ግጥሙን ማንም አይሰማውም።

ክፍሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከተማው ዳር ያሉ ቤቶቻችን ክፍላቸው ብዙ ጊዜ 3 በ3 ወይ ለሱ የቀረበ ነው፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ ወይ ሴራሚክ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ 3 ሜትር በተራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መሃል ሲመላለስ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ ይጠራቀማል፣ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ከሆነ ደግሞ በሁለቱም በኩል እዛው ቦታ ላይ ይደራረባል። ጥግ ላይ ስትቆሙ ቤዙ ያጥለቀልቃችኋል፣ መሃል ላይ ስትቀመጡ ጠፋ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ 8 ኢንች ሞኒተር ስፒከር አምጥታችሁ ብታስቀምጡ የምትሰሙት ስፒከሩን ሳይሆን ክፍሉን ነው፣ ከዛ ቤዙ በዛ ብላችሁ ትቀንሳላችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ዘፈኑ ቤዝ የለውም። ለዚህ ነው ስፒከር አትቸኩሉ የምለው።

መጀመሪያ ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጥዝዝ የሚል ነገር ከተከተለው ስራ አለባችሁ። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይ ጋቢ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጥጎቹ ላይ ደግሞ የስፖንጅ ፍራሽ አቁሙ፣ ፍራሹ በወፈረ ቁጥር ወደታች ያለውን ድምፅ ይይዝላችኋል። የእንቁላል ትሪ ለጥፉ የሚላችሁን አትስሙት፣ ስስ ካርቶን ነው፣ ቤዙን አይነካውም፣ ድምፅ ወደ ውጪ እንዳይወጣም አያደርግም፣ እሳት ደግሞ ቶሎ ይይዘዋል። ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ስፖንጁን ከማይኩ ኋላ ይለጥፉታል። ካርዲዮይድ ማይክ በጀርባው በኩል እምብዛም አይሰማም፣ የሚሰማው ከፊቱ ያለውን ነው፣ ከፊቱ ደግሞ ዘፋኙና ከዘፋኙ ኋላ ያለው ግድግዳ ነው ያለው። ስለዚህ ብርድ ልብሱ ከዘፋኙ ጀርባ ይሁን።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትቀዳ አንዲት ልጅ አለች፣ ቁምሳጥኑን ከፍታ ልብሱን በጀርባዋ አድርጋ ትቆማለች፣ ግራና ቀኝ የልብስ ማስጫ አቁማ ሁለት ከባድ ብርድ ልብስ ጥላበታለች፣ ማይኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ያህል ይርቃል፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ያለ ነው ፈ እና ፐ ስትል ነፋሱ ቀጥታ እንዳይመታው። የላከችልኝን ስከፍተው ትንፋሿ የት እንደገባ የት እንደወጣ ይለያል፣ ከቃሉ ውጪ ምንም የለም፣ ትንሽ ሪቨርብ ስነካው ወዲያው ተቀበለኝ። የተጠቀመችው ማይክ ከብዙዎቻችሁ ማይክ የረከሰ ነው።

የቆርቆሮው ነገር ደግሞ አለ። ኮርኒስ ከሌለው ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ለማይክ የያዛችሁትን ብር ኮርኒስ አሰሩበት፣ ከላዩም ስፖንጅ አንጥፉበት። ያም ሆኖ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ፣ በረዶ ሲጨመርበትማ፣ የሚያስቆመው የለም፣ ያን ሰዓት ቢት ስሩ ሚክስ አድርጉ፣ ቮካሉን ጠዋት ጠዋት ቅዱ። የቅዳሴውና የአዛኑ ሰዓት የታወቀ ነው፣ ፕሮግራማችሁን ከሱ ጋር አስማሙ። ማታ ጸጥ ይላል ብላችሁ የምታስቡ እኛ ሰፈር ውሻው ከጅቡ ጋር እስኪነጋ ነው የሚመላለሰው።

ወደ መብራት ልምጣ። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው ይባላል እንጂ ዳር ዳር ላይ መስመሩ ረጅም ስለሆነ ማታ ማታ ይወርዳል፣ ወፍጮ ቤቱና ብየዳው ሲነሳ ሲቆም ደግሞ ይዘላል። ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው። ስለዚህ ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉት፣ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩት። ደህና ስታብላይዘር ከምትመኙት ፔዳል በፊት ይገዛ፣ አቅም ካለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለትንሽ ጊዜ የሚይዝ ባትሪ)። ስትቀዱ ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት፣ ሄድፎን ላይ የነበረው ዥዥ የሚል ድምፅ ከጠፋ ችግሩ ማይኩ አይደለም፣ ቻርጀሩ ወይ ኧርዙ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) ነው። ማይክ ወይ ጊታር ስትነኩ ጣታችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነማ ቀልድ የለም፣ ከንፈራችሁ ማይኩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ኧርዝ አስቀብሩ። ዥዥታው እንዲጠፋ ብሎ የሶኬቱን ኧርዝ የሚቆርጥ አለ፣ በፍጹም እንዳታደርጉት፣ ሰው ይገድላል።

አክስት አጎት ከአሜሪካ የሚያመጡላችሁ፣ እዛ 120 ቮልት ነው። አዳፕተሩ ላይ ኢንፑት የሚለውን አንብቡ፣ 100-240 ካለ ሶኬቱን ብቻ ቀይራችሁ ትጠቀማላችሁ፣ 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኩት። ስፒከር ላይ ይሄ በጣም ያጋጥማል ምክንያቱም ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ ነው፣ ከኋላው ያለውን ጽሁፍ ከመምጣቱ በፊት ፎቶ አንሱና ላኩልኝ በሏቸው። ፔዳሎች ደግሞ አብዛኞቹ 9 ቮልት ሆነው መሃሉ ኔጋቲቭ ናቸው፣ ከኪቦርድ አዳፕተሮች ውስጥ መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ አለ፣ ቀዳዳው ገጠመ ብላችሁ ብትሰኩት ፔዳሉ እዛው ይሞታል።

ሄድፎን ላይ አትሰስቱ። ዝግ የሆነውን አይነት ግዙ፣ ድምፁ ወደ ማይክ እንዳይፈስ። ሶኒ ኤምዲአር 7506 ከ1991 እ.ኤ.አ ጀምሮ እስካሁን የሚሰራበት ነው፣ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770ም ጥሩ ነው። ብሉቱዝ ለመቅጃ አይሆንም፣ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ዘፋኙ ራሱን ከኋላ እየሰማ ሪትም ይጠፋበታል።

ማይክ። ፖድካስት ላይ ሁሉ የምታዩትን ሹር ኤስኤም 7ቢ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ማይኩ ግሩም ነው፣ ግን ድምፁ በጣም ደካማ ሆኖ ስለሚወጣ 60 ዲቢ ያህል ጌን (ማጉላት) ይፈልጋል፣ ርካሽ ኢንተርፌስ ብዙውን ጊዜ ይሄን ያህል የለውም ወይ ካለውም መጨረሻው ላይ ሽሽ ይላል፣ ከዛ ሌላ ማጉያ ዕቃ ልትገዙ ነው። ኮንደንሰር የሚባሉት ደግሞ፣ እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 ያሉት፣ 48 ቮልት ከኢንተርፌሱ ይወስዳሉ፣ ረቂቅ ነገር ይሰማሉ፣ ለክራርና ለበገና እወዳቸዋለሁ፣ ግን ያልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ግቢ ያለውን ዶሮ ሳይቀር ያስገቡላችኋል። ለጀማሪ፣ ጫጫታ ላለበት ቤት፣ እኔ የሹርን ኤስኤም 58 ነው የምለው። ከ1966 እ.ኤ.አ ጀምሮ አለ፣ ቢወድቅም ይነሳል። ችግሩ ፎርጅዱ ገበያውን ሞልቶታል። ትክክለኛው 298 ግራም ነው፣ የሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ግን ክብደቱ ገጠመ ብላችሁ ብቻ አትመኑ፣ ኦሪጅናሉ ካለው ሰው ተዋሱና ጎን ለጎን አንድ መስመር ዘፍናችሁ ቅዱ፣ ልዩነቱን ትሰሙታላችሁ።

ኢንተርፌስ ሁለት ማስገቢያ ያለው፣ 48 ቮልት ያለው፣ የራሱ አሲዮ ድራይቨር (ድምፁ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳይዘገይ የሚያደርግ ሶፍትዌር) ያለው ይበቃል። ፎከስራይትም ቤሪንገርም ይሁን። ባፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚይዘውን የድምፅ መጠን) ስትቀዱ 128 አድርጉት፣ በሰከንድ 48 ሺህ ሳምፕል ስትቀዱ መዘግየቱ 3 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም፣ ሚክስ ስታደርጉ 1024 አድርጉት ኮምፒውተሩ ይተንፍስ። 24 ቢት ላይ ቅዱ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አትጨነቁ።

አሁን ኢፌክት። የ1957ቱ የጀርመን ኢኤምቲ 140 ሪቨርብ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ከ2 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሳጥን ውስጥ የተወጠረ ላሜራ፣ 270 ኪሎ፣ የራሱ ክፍል የሚፈልግ። ዛሬ ያን ድምፅ የሚመስል ነገር ከምትቀዱበት ሶፍትዌር ጋር አብሮ ይመጣላችኋል። ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ የሚባለው ሪቨርብ ነጻ ነው፣ ቲዲአር ኖቫ የሚባለው ኢኪው (ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ ማስተካከያ) ነጻ አለው። እነዚህን ጥንቅቅ አድርጋችሁ ሳታውቁ የሪቨርብ ሳጥን መግዛት ብር ማባከን ነው። ፔዳል የሚያስፈልገው በእጁና በእግሩ እየተጫወተ ድምፁን ለሚቀይር ሰው ነው፣ ጊታሪስት፣ ኤሌክትሪክ ክራር ተጫዋች፣ መድረክ ላይ ያለ ኪቦርዲስት። እሱ እንኳን ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው) ሲገዛ ታፕ ቴምፖ (ፍጥነቱን እየመታ የሚሰጥበት ቁልፍ) ያለውን ይፈልግ፣ ምክንያቱም የኛ ችክችካ 6/8 ነው፣ ዲሌዩ በ4/4 ተቆጥሮ ሲመጣ ከከበሮው ጋር ይጋጫል። በደቂቃ 100 ምት ከሆነ አንዷ ምት 600 ሚሊሰከንድ ናት፣ ለሦስት ስትከፈል 200፣ ዲሌዩን 200 ወይ 400 ላይ አድርጉትና ስሙት፣ 300 ላይ ደግሞ አድርጉትና ስሙት።

ኦቶቱን (ድምፅን ወደ ኖታው የሚስበው ሶፍትዌር) የምትወዱ፣ ቅላጼውን አትግደሉት። ፍጥነቱን መጨረሻ ስታደርጉት የዘፋኙ ጉሮሮ ውስጥ ያለችው መንሸራተት ሁሉ ደረጃ ደረጃ ትሆናለች፣ ትዝታም አንቺሆዬም አንድ አይነት ይሆናል። ቅኝቱ ውስጥ ያሉትን አምስት ኖታዎች ብቻ ምረጡለት፣ ቀስ እንዲል አድርጉት፣ ስህተት ያለበት ቃል ላይ ብቻ ተጠቀሙ። ኖይዝ ጌት (ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚዘጋው) እና ኖይዝ ማጥፊያ ላይም እንደዛው ጠንቀቅ በሉ። በገና 10 አውታር አለው፣ እያንዳንዱ ጅማት ስር ቁራጭ ቆዳ ይገባበታል፣ ያ እንዝዝዝ የሚለው ከሱ ነው የሚመጣው። ሶፍትዌሩ ግን ይሄን እንደ ሽሽታ ያየውና ይቆርጠዋል። አንድ ልጅ እንዲህ የጸዳ በገና ይዞልኝ መጣ፣ ቤዝ ጊታር መስሎ ነበር፣ ደግነቱ ያልተነካው ፋይል በእጁ ነበርና ከሱ ሰራነው። ያልተነካውን ሁሌም አስቀምጡ።

ዕቃ ማነስ የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ፣ ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ አሜሪካ ሆኖ ብቻውን የተጫወተበትን አልበም የሰራው በአኮርዲዮን፣ በሮድስ ፒያኖ፣ በሙግ ሲንተሳይዘርና በአንድ ሪትም ማሽን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ጥሩ ነው፣ እኔም እገዛለሁ፣ ግን ላፕቶፓችሁን፣ ሄድፎናችሁንና የራሳችሁን ኬብል ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት ሰኩት። እያንዳንዱን ማዞሪያ ከዜሮ እስከ ጫፍ አዙሩት፣ ከተንጫጫ ቆሽሿል ወይ አልቋል። ጃኩን ነቅነቅ አድርጉት፣ 48 ቮልቱን አብሩት፣ ኪቦርድ ከሆነ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በቀስታም በኃይልም ንኩ፣ ፔዳል ከሆነ ሃያ ጊዜ ርገጡት። መጨረሻ ላይ ማይኩን ሰክታችሁ ምንም ሳትናገሩ አንድ ደቂቃ ቅዱና ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ። ሰውየው ከቸኮለ ወይ መብራት የለም ነገ ሞክረው ካለ፣ ብሩን ሳትሰጡ መብራት ባለበት ቀን ተመለሱ።