መልስ፦ ዎርድ በሌለበት ኮምፒውተር የዎርድ ፋይል ስለመክፈት

ሰላም ወንድሜ። ላፕቶፕህ ላይ ማይክሮሶፍት ዎርድ ሳይኖር የተላከልህን የአማርኛ ዎርድ ፋይል እንዴት እንደምትከፍት ጠይቀሃል። ዎርድ መግዛት አያስፈልግህም። ክራክ የተደረገውንም (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረውን) እባክህ አታውርድ፤ ቫይረስ ይዞብህ ሊመጣ ይችላል።

ሊብሬኦፊስ የሚባለውን፣ የዎርድ ፋይል የሚከፍት ፕሮግራም ጫን። ነፃ ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይከፍትልሃል። ከቸኮልክ ፋይሉን ጎግል ድራይቭ ላይ አስገባና በጎግል ዶክስ ክፈተው።

ተከፍቶ በአማርኛ ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ካየህ አትደንግጥ፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የቆዩ ሰነዶች ብዙ ጊዜ የተጻፉት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ) ባልሆነ ፎንት ነው። የላከልህን ሰው የፎንቱን ስም ጠይቀውና ያንኑ ጫን፤ ጽሑፉ ይስተካከላል። ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየህ ግን ኮምፒውተርህ ላይ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ ይወርዳል፣ ይበቃሃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጣው የዎርድ ፋይል (.docx) ውስጡ ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይሎች የታጨቁበት ጥቅል ነው! ኮፒ አድርግና የኮፒውን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ያለውን .docx) ወደ .zip ቀይረህ ክፈተው። ዎርድ የሚለው ፎልደር ውስጥ ሚዲያ የሚል ፎልደር አለ፤ ሰነዱ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች እዚያ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ። ፋይሉ አልከፈት ሲልህ ፎቶዎቹን ከዚያ ማውጣት ትችላለህ።

ለማንበብ ብቻ ከሆነ የፈለግከው፣ ፒዲኤፍ አድርገው እንዲልኩልህ ጠይቃቸው፤ የገጹ አሰላለፍም አይዛባብህም።