ከመላካችሁ በፊት አጉልታችሁ እዩት

ልጆች፣ ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ሳነሳና ሳጥብ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አሁን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ምስል እየሠራችሁ ስቶክ ላይ፣ ማለትም ምስል በሚሸጥባቸው ድረ ገጾች ላይ፣ መሸጥ መጀመራችሁን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን እባካችሁ፣ በስልክ አይታችሁ «አሪፍ ነው» ብላችሁ አትላኩ።

ኮምፒውተር ላይ 100 ፐርሰንት አድርጋችሁ ክፈቱት። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ቀስ ብላችሁ እዩ። ኤአይ የሰው ጣት ስለሚያበዛ ወይም ስለሚያሳንስ ጣት መቁጠር ጥሩ ነው፣ ግን እሱ አሁን አሁን እየተስተካከለ መጥቷል። እኔ ቀድሜ የማየው ጥለት ነው፤ ነጠላ የለበሰች ሴት ስታሠሩት ጥለቱ ትከሻዋ ላይ ደህና ይጀምርና አንገቷ ጋ ሲደርስ መስመሩ ይጠፋል፣ ቀለሙ ከቆዳዋ ጋር ይቀላቀላል። ከኋላ ያለው ታፔላ ደግሞ ከሩቅ ፊደል ይመስላል፣ ቀርባችሁ ስታዩት አንድም የሚነበብ የለውም። ትንሽ ምስል በሶፍትዌር ለጥጣችሁ ካሳደጋችሁት ፊቱ ፕላስቲክ እንዳይመስል ተጠንቀቁ።

በጣም የሚያንገበግበኝ ግን የአገራችን ነገር ሲበላሽ ነው። ኤአዩን የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮ ሥራልኝ ብትሉት ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ሊረሳው ይችላል፣ ወይም ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ጭላዳ እኮ መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ነው የሚውለው፣ ሲመሽ ገደል ላይ ያድራል። ውጭ አገር ያለው የስቶኩ ገምጋሚ ይህን ላያውቅ ይችላል። ገዢውም አምኖ ለልጆች መጽሐፍ ያደርገዋል። እናንተ ግን ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ እናንተ ካላስቆማችሁት ማን ያስቆመዋል?

ደንቡንም አንብቡ። አዶቢ ስቶክ እ.ኤ.አ. በ2022 የኤአይ ምስል እንደሚቀበል አሳውቋል፤ በኤአይ መሠራቱን ምልክት ማድረግ ግን ግዴታ ነው፣ መጠኑም ከ4 ሜጋፒክስል (ከ4 ሚሊዮን ነጥብ) ማነስ የለበትም። ሌላው ምስል ሻጭ ጌቲ ኢሜጅስ ግን የኤአይ ምስልን በዚያው ዓመት ጭራሽ ከልክሏል። አንድ ዓይነት ምስል ደጋግሞ መላክም ውድቅ ያስደርጋል፤ ምርጡን ለዩና እሱን ላኩ።

የቡና ሥነ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ አሳዩዋቸው። ስኒው እጀታ ካወጣ፣ ጀበናው ቅርጹ ከተዛባ እነሱ ወዲያው ነው የሚይዙት። ያሏችሁን አስተካክሉ፣ ካልተስተካከለ አትላኩት።