የጓደኛዬ ስልክ እሑድ እሑድ ይጮኻል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመከላከያ ሠራዊት አባል ነኝ። አሁን የ20 ቀን ፈቃድ አግኝቼ ቤተሰብ ጋ ነኝ። ከብርሸለቆ ማሠልጠኛ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ጓደኛ ነበረኝ። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ለብሰን ተኝተናል። ከሰባት ወር በፊት አጠገቤ ተመትቶ ሞተ። ከውጊያው በፊት በነበረው ማታ «እኔ ከቀረሁ እናቴን አደራ፣ እንዳታስለቅሳት» ብሎኝ ነበር። «ምን ነካህ፣ ተኛ» አልኩት።

ስልኩ እኔ ጋ ቀረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እናቱ ደወሉ። አነሳሁት። «ግዳጅ ላይ ነው እማማ፣ ኔትወርክ የለም፣ ደህና ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውላሉ። እሱ ያደርግ እንደነበረው በየወሩ 1,500 ብር ከደመወዜ እልካለሁ። ከእሱ የመጣ ይመስላቸዋል። አዛዣችን መርዶው በሥርዓቱ ስለሚደርስ ማንም እንዳይናገር ብሎናል። እስካሁን አልደረሰም። ባለፈው እሑድ «ድምፁን ብቻ አሰማኝ» ብለው አለቀሱ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትእዛዙን ልጠብቅ? አደራውን ልጠብቅ? ወይስ እውነቱን ልናገር?
ወታደሩ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ ደጅ ወጣሁ። ወዲያው ቁጭ ብዬ መልስ መጻፍ አልቻልኩም። እኔም የሟች ጓደኛዬን አደራ ይዤ ሁለት ዓመት የዞርኩ ሰው ነኝ።

በየካቲት 1991 ባድመ ግንባር ነበርኩ። «ዘመቻ ፀሐይ ግባት» የተባለው ጊዜ ነው። ያኔ አስር አለቃ ነኝ። የፍኖተ ሰላም ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ምሽጉ ውስጥ ከገባን በኋላ ተመታ። ቃሬዛ አልነበረንም። በሸራ ተሸክመን አወጣነው። መኪናው ጋ ሳንደርስ አረፈ። ኪሱ ውስጥ ግማሽ ኮቾሮ (የወታደር ደረቅ ብስኩት)፣ አንዲት ትንሽ ዳዊትና የእናቱ ፎቶ ነበር። ዳዊቷንና ፎቶውን ያዝኩ። ኮቾሮውን ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ። መብላት አይሆንልኝ፣ መጣል አይሆንልኝ። በእጄ እንደያዝኩት ነጋ።

ከኤርትራ ጋር የአልጀርሱ የሰላም ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ተፈረመ። ፈቃድ አግኝቼ ፍኖተ ሰላም የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማንንም አላማከርኩም። ጎረቤት አልጠየቅኩም። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቀጥ ብዬ ገባሁ። እናቱ ቡና እየቆሉ ነበር። የለበስኩትን የወታደር ልብስ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «የልጄ ጓደኛ ነህ አይደል?» አሉኝና ለእኔም እንዲበቃ ሌላ እፍኝ ቡና ጨመሩ። ያንን እያየሁ መቆየት አቃተኝ። ዳዊቷን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ራሳቸው ገዝተው የሰጡት ዳዊት ነው። አንዴ አዩት፣ አንዴ እኔን አዩኝ። ብረት ምጣዱ እሳቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቡናው እያረረ ጭሱ ቤቱን ሞላው። የሚያነሳው ሰው አልነበረም፤ ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን። እሳቸው መሬት ላይ ወድቀዋል። እኔ ቆሜያለሁ። ጎረቤት የመጣው ጭሱን አይቶ ነው።

አንተ እንደዚህ አታድርግ።

መጀመሪያ ስለ አደራው ልንገርህ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስብህ እሱ ይመስለኛል። ጓደኛህ «እንዳታስለቅሳት» ሲልህ ፈርቶ ነበር። ማንም ልጅ በዚያች ሌሊት የሚያስበው የእናቱን እንባ ነው። ግን ልጇ የሞተባት እናት ካላለቀሰች ማን ሊያለቅስ ነው? ደግሞስ አሁን እያለቀሱ አይደል? ልዩነቱ ብቻቸውን ማልቀሳቸው ነው። ድንኳን አልተተከለም። እድሩ ጥሩምባ አላስነፋም። ፍትሐት አልተፈታም። ሰልስቱም፣ አርባውም፣ ሰማንያውም እሳቸው ሳያውቁት አልፏል። አደራ ያለህ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

አንድ ሌላ ነገር። አሠልጣኞቻችን የቃኘው ሻለቃን ነገር ሁልጊዜ ያነሱልን ነበር። በ1943 ወደ ኮሪያ ዘምቶ ከ120 በላይ ልጆቹ ወደቁ። አንድም ሰው አልተማረከበትም። የወደቁትም እዚያ አልቀሩም፤ አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሷል። እኔ ይህን ስሰማ ልጅ ስለነበርኩ ጀግንነቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ፍኖተ ሰላም ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። ጓድህን ከምሽግ አውጥተህ ስሙን መንገድ ላይ ከተውከው ገና አልመለስከውም። የአንተ ጓደኛ እስከ ዛሬ ቤቱ አልገባም። እሑድ እሑድ ስልኩ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

አዛዥህ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ዝም በሉ ያለበት ምክንያት አለው። በጦርነት ጊዜ ስም ይሳሳታል። ቆስሎ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሞቷል ተብሎ፣ ተለቅሶለት፣ በእግሩ ቤቱ ሲገባ አይቻለሁ። ሰው በየስልኩ መርዶ ቢያወራ ብዙ ቤት ይፈርሳል። ስለዚህ ትእዛዙን አትጣስ፤ ግን ጠይቅ። ፈቃድህ ሳያልቅ ለአዛዥህ ደውል። «ሰባት ወር ሆኗል፣ እናቱ በየሳምንቱ ይደውላሉ፣ መርዶው የት ደረሰ?» በል። አብሬ ልሂድ ብለህ አስፈቅድ። እንዲህ ስትለው እንቢ የሚል አዛዥ ብዙ አላጋጠመኝም። እንቢ ካለም ከእሱ በላይ ላለው አለቃ በሥርዓቱ አመልክት።

ወረቀቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ልጃቸው ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች የጡረታ ሕጉ ድርሻ ይሰጣቸዋል። ያለ ሞት ማስረጃ ግን ማንም አያስተናግዳቸውም። በእሱ ስም የምትልከው ገንዘብ፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ መብታቸውን እያዘገየባቸው ነው። ከመርዶው በኋላ በራስህ ስም ላክ። ያኔ ከልጃቸው ጓደኛ የመጣ ነው ብለው አውቀውት ይቀበሉታል።

ሲፈቀድልህ በስልክ እንዳትነግራቸው። በፍጹም። መጀመሪያ አጎት ወይም አንድ ቅርብ ዘመድ ፈልግና በአካል አግኘው። እሱ የነፍስ አባታቸውን፣ የእድሩን ዳኛና ሁለት ሦስት ጠንካራ ጎረቤቶች ያሰባስባል። መርዶ ማለዳ ነው፣ ሳይነጋጋ። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት በከንቱ አይደለም። ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም፣ እሳት አልተጫረም፣ ቀኑን ሙሉ የሚደግፍ እጅ አለ። ቃሉን የሚናገሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንተ ከኋላ ቁም።

ያንተ ተራ በኋላ ይመጣል። ለቅሶው ጋብ ሲል እናቱ ይጠሩሃል። ምን እንደሚጠይቁህ ልንገርህ፤ እኔንም የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። መቼ ነው? ብቻውን ነበር? ውሃ ጠጣ? ምን አለ? ተቀበረ ወይ? ለእያንዳንዱ እውነተኛ መልስ ይዘህ ሂድ። ቀኑን በትክክል ጻፈው፤ ሙት ዓመቱን የሚቆጥሩት በእሱ ነው። ስለ ቁስሉ ካልጠየቁህ አትዘርዝር። ውሃ ካልጠጣ ጠጣ አትበል፤ እጁን ይዘኸው ከነበረ ግን እሱን ንገራቸው። ስለዋሸኸውም ራስህ ንገራቸው። «አልቻልኩም እማማ» በል፣ ሌላ ምክንያት አትደርድር። ሊቆጡህ ይችላሉ። ቢቆጡህ ተቀበል፣ ግን ጥለህ አትሂድ። የፍኖተ ሰላሟ እናት ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «ልብስህን አምጣ፣ ይታጠብ» አሉኝ።

እንቅልፍ ማጣትህን በአንድ መስመር ብቻ ነው የጻፍከው። እኔም እንዲሁ አቃልዬው ነበር። አራት ዓመት በአረቄ ልተኛ ሞከርኩ። አረቄ ይጥላል እንጂ አያስተኛም። ያተረፈኝ ሐኪም ፊት ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ መናገሬ ነው። አንተ በጦር ኃይሎች ሆስፒታል መታከም ትችላለህ። ለአእምሮ ሐኪሙ «ጓደኛዬ አጠገቤ ሞተ፣ ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም» በል። ይህን ማለት ወታደርነትህን አይቀንሰውም። እግርህ ቢመታ ታሳይ አልነበር?

ስልኩን ስትወስድላቸው ምንም እንዳታጠፋበት። ፎቶው፣ የላከው ድምፅ፣ የቀለደበት ቪዲዮ ካለ ሁሉም እንዳለ ይሁን። እንዴት እንደሚከፈት ለአንዱ የቤቱ ልጅ አሳየው። ቻርጀሩንም አትርሳ። ለቅሶተኛው ሲበተን፣ ሌሊት፣ ድምፁን መስማት ይፈልጋሉ።