ምርጫው አለቀ፣ በጀቱ ግን ገና ነው

ልጆቼ፣ ምርጫው አልፏል። ያሸነፈው ጨፍሯል፣ የተሸነፈው አኩርፏል (ማኩረፍም መብት ነው፣ ግን ሙሉ የምርጫ ዘመን አይኮረፍም)። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአካባቢ አስተዳደር የበጀት ሥራ ላይ ነው። የሰፈር መንገድ በቅስቀሳ ንግግር ሲሠራ አላየሁም። የሚሠራው በጀት ውስጥ ሲገባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት እያንዳንዱ ክፍል ፍላጎቱን ጽፎ ያቀርባል። ድምሩ ሁሌም ካለው ገንዘብ ይበልጣል፣ ስለዚህ ቅነሳ ይጀመራል። ቀድሞ የሚቆረጠው ምን መሰላችሁ? ጥገና! አዲስ ሕንፃ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ካሜራ ይመጣለታል፤ የፍሳሽ ቦይ ስለተጠረገ ግን ማን ያጨበጭባል? ጠያቂ ከሌለው በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ይሰረዛል። እናንተ ደግሞ የምትመጡት በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ነው፣ ያውም ተናዳችሁ። ያን ጊዜ ኃላፊው ቢፈልግ እንኳ እጁ ላይ ብዙ ነገር የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የበጀቱን የጊዜ ሰሌዳ እወቁ። ከዚያ አንድ ጉዳይ ብቻ ያዙ። አሥር ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ብዙ አይቻለሁ። በአንድ ገጽ ጻፉት፣ ቦታውን ለይታችሁ፣ ፎቶ አያይዛችሁ፤ ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቁጥሩን ያዙ። በቃል የተነገረ ነገር እንደሆነ ኃላፊው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። በስልካችሁ የለጠፋችሁት ምሬትም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ እምብዛም አይደርስም ነበር።

ስትሄዱ ሌላውን ወገን የመረጠውን ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቦዩ ሲሞላ ውኃው የሚገባው ሁለታችሁም ቤት ነው። ተመራጩ ደግሞ ከሁለት ጎራ የመጡ ሰዎችን «የእነ እገሌ ደጋፊዎች ናቸው» ብሎ መሸኘት ይከብደዋል።

ይህ የሽማግሌ ምኞት ብቻ አይደለም። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989፣ አዲስ የከተማ አስተዳደር በምርጫ ከገባ በኋላ፣ ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ የበጀቱን ቅደም ተከተል እንዲወስን ማድረግ ጀመረች። ሐሳቡ ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። እዚያው በተወለደባት ከተማ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋረጠ። እና አንዴ ተጀምሯል ብላችሁ አትተኙ።

የእኔን ልብ ይበልጥ የሚይዘው ግን የህንዷ ራጃስታን ነገር ነው። የገጠር ሠራተኞችና ገበሬዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ሕዝብ እየሰበሰበ የመንግሥት ሥራዎችን የክፍያ ዝርዝር ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ስሙ የተጠራው ሰው ተነስቶ «እኔ እዚያ ሠርቼ አላውቅም» ይላል። በሞተ ሰው ስም ሳይቀር ደሞዝ ተወስዶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. ለ2005ቱ የህንድ የመረጃ መብት ሕግ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ይህ ንቅናቄ ነው። አያችሁ፣ በጀት ማስያዝ ግማሽ መንገድ ነው። ገንዘቡ ሲወጣም ዝርዝሩን ማየት አለባችሁ፤ ለተቋራጩ ስንት ተከፈለ፣ ስንት ሜትር ተሠራ፣ ማን ተረከበ። ሜትር ይዞ ወርዶ መለካት ነውር የለውም።

አሁን አዲሶቹ ተመራጮች ወንበሩን ገና እየተላመዱ ነው፣ ቃላቸውንም አልረሱትም። በዚህ ሳምንት ሂዱና የቀጣዩ በጀት ውይይት መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ።