መኪናዬ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ይይዛል፤ ፊውዙን ልንቀለው?

የደሴ አንባቢያችን እንዲህ ሲል ጠይቋል፦

«ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ራሱ ፍሬን ይይዛል፣ መስመር ይጠብቃል፣ ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ ይሄዳል። ከሁለት ወር በፊት ባጃጅ ከፊት ገጨኝ። ፓራውልቱ ተጠገነ፣ ተቀባ፣ አዲስ መሰለ። ከዚያ ወዲህ ግን ሐረጎ ላይ እየጮኸ ፍሬን ይይዝብኛል። አንድ ቀን ደግሞ ከሐርቡ ወደ ከሚሴ ስሄድ ፊቴ ማንም ሳይኖር ድንገት ያዘ። ኋላዬ ሲኖ ነበር፤ ለጥቂት ተረፍኩ። ዳሽቦርዱ ላይ በቻይንኛ የሆነ ነገር ይጽፋል። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ‹ፊውዙን ንቀለውና ተገላገል› አለኝ። ልንቀለው? ደግሞስ ስገዛው ‹ራሱን ይነዳል› ብለውኝ ነበር። ሐረጎ ላይ ልለቅለት እችላለሁ?»

አብሽር ወንድሜ፣ እንኳን ተረፍክ። ፊውዙን ግን አትንቀል። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ በሽታውን እንለይ።

ከጻፍከው ሁሉ ዋናው ነገር የከሚሴው ነው። ሐረጎ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙም አትስጋ እልህ ነበር። ራዳሩ፣ ማለትም ፊት ለፊት ያለውን በሬዲዮ ሞገድ የሚያየው መሣሪያ፣ የሚያየው የመኪናው አፍንጫ ወደዞረበት ነው። ጠምዛዛ ላይ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፣ የመኪናው አፍንጫ ግን ገና ወደ ገደሉ ግድግዳ ነው። ወይም ከታች እያቃሰተ ወደሚመጣው ሲኖ ነው። ያን ጊዜ «ልንጋጭ ነው» ብሎ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ፍሬን ነካ ያደርጋል። ጤነኛ መኪናም እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ይህን ያደርጋል።

ከሐርቡ ወደ ከሚሴ ስትሄድ የያዘብህ የጨፋ ሜዳ ግን ሌላ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ፊትህ ባዶ፣ መኪናው ግን ያዘ። ይህ ሲሆን፣ በተለይ ፓራውልት ከተነካ በኋላ ሲሆን፣ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው የራዳሩን አቅጣጫ ነው። ስሌቱን ልንገርህ። ራዳሩ 1 ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢዞር፣ 100 ሜትር ርቀት ላይ እይታው 1.75 ሜትር ያህል ይስታል። አንዱ የመንገድ ረድፍ በአብዛኛው ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ስፋት አለው። ስለዚህ በ1 ዲግሪ ስህተት መኪናህ ያንተን ረድፍ ግማሹን ትቶ የጎኑን ረድፍ ግማሽ ያያል። ከፊት የሚመጣ መኪና ወይም ዳር የቆመ አይሱዙ «ፊቴ ነው» ብሎ ይቆጥረዋል። 1 ዲግሪ በዓይን አይታይም። ፓራውልቱ አምሮ፣ ቀለሙ ገጥሞ፣ ውስጡ ያለው ማሰሪያ ትንሽ ተጣሞ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መኪናህ ሂድ። መጀመሪያ ያ የቻይንኛ ጽሑፍ ሲመጣ፣ መኪናውን አቁመህ በስልክህ ፎቶ አንሳውና በትርጉም መተግበሪያ አስነብበው። «ራዳሩ ተሸፍኗል» የሚል ከሆነና «ካሊብሬሽን (የራዳሩን አቅጣጫ በመሣሪያ ማስተካከል) ያስፈልጋል» የሚል ከሆነ ሥራው የተለያየ ነው። ሰው ይህን ትንሽ ነገር ሳያይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው።

ቀጥሎ ከመኪናው ፊት ተቀመጥ። ራዳሩ በብዙ መኪኖች ታችኛው ግሪል መሐል ወይም ከአርማው ኋላ ነው ያለው። ከፊት ሲታይ መዳፍ የሚያህል፣ ለስላሳ፣ ዝርግ ፕላስቲክ ነው። ታርጋህን ተመልከት። እነዚህ መኪኖች ሲሠሩ የኛ ታርጋ የት እንደሚታሰር ታስቦ አይደለም። ታርጋው ወይም ማሰሪያው ራዳሩን ከጋረደው፣ ብረት ስለሆነ ሞገዱን መልሶ ይመታል። ከጥገናው በኋላ ታርጋው ቦታ ቀይሮ ታስሮ ከሆነ፣ ፈትተህ ወደ ጎን አዙረው። የብረት መከላከያ አስገጥመህ ከሆነም ያው ነው። ጭቃና አቧራውንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ከዚያ ስቱኮውን ፈልግ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ አገር የቦዲ ሥራ ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ጋር የሚጋጨው እዚህ ነው። የመኪና ራዳር የሚሠራው በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፋብሪካው ያወጣው ፕላስቲክ ውፍረቱ ሞገዱን እንዲያሳልፍ ተለክቶ የተሠራ ነው። እኛ ደግሞ ስንጥቁን 2 ሚሊ፣ 3 ሚሊ ስቱኮ እንሞላዋለን፤ በላዩ ደግሞ ሁለት ሦስት እጅ ቀለም። ሞገዱ 4 ሚሊ ሆኖ ሳለ 3 ሚሊ ስቱኮ ቀላል ነገር አይደለም። ሞገዱን ያዳክመዋል፣ አቅጣጫውንም ያዛባል። ብርማ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከሆነ ደግሞ ውስጡ የአሉሚኒየም ብናኝ ስላለበት ይብሳል። ራዳሩ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ በጣትህ አንኳኳ፣ ከዚያ ዳሩን አንኳኳ። ባዶ ፕላስቲክ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ስቱኮ ያለበት ድፍን ይላል። ከራዳሩ ፊት ድፍን ካለ ያ ክፍል መፋቅ ወይም መቀየር አለበት። ለቀጣዩም ለሁሉም ሰው የምለው ይህንኑ ነው፤ ከራዳር ፊት ያለ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ይቀየራል እንጂ በስቱኮ አይሞላም።

ስቱኮ ከሌለ ፓራውልቱ ይውረድ። ራዳሩ በጥቂት ብሎኖች ከማሰሪያ ላይ ታስሮ ታገኘዋለህ። መኪናው ዝርግ ወለል ላይ ይቁም። ትንሽ ውሃ ልክ ካለ ከራዳሩ ፊት ላይ አስጠጋው፤ ከሌለም ስልክህ ላይ ያለው የዲግሪ መለኪያ ይበቃል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አዘንብሎ ካየህ ማሰሪያው ተጣሟል። መዶሻ እንዳታነሳ፣ ማንም እንዳያነሳ! የራዳሩ ማሰሪያ ይቀየራል እንጂ ተቀጥቅጦ አይቃናም። ወደ ጎን መዞሩን ግን በውሃ ልክ አታገኘውም፤ ለዚያ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ካሜራውንም እግረ መንገድህን እይ። የፊት መስታወቱ ላይ፣ ከመሐል መስታወቱ ኋላ ነው። ፊቱ ላይ ቦሎ ወይም ሌላ ተለጣፊ ካለ አንሳው። የፊት መስታወትህ ተቀይሮ ከሆነ ካሜራውም ካሊብሬሽን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ካሊብሬሽኑ። ጋራዥ ስትሄድ «የስህተት ኮዱን አጥፉልኝ» እንዳትል። ኮድ ማጥፋት መብራቱን ያጠፋል እንጂ የተጣመመ ራዳር አያቃናም፤ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። መጠየቅ ያለብህ ሌላ ነው። ስካነራቸው (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ) ያንተን ሞዴል ያውቃል? የራዳር ካሊብሬሽን የሚል ሜኑ ይከፍታል? መኪናህ በቆመበት የሚካሊበር ዓይነት ከሆነ፣ ከፊቱ በተለካ ርቀት የሚቆመው የራዳር ማንጸባረቂያ አላቸው? በመንገድ ላይ እየተነዳ የሚካሊበር ከሆነ ደግሞ ስካነሩ የሚያዘውን ፍጥነት ጠብቆ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ መሄድ ይበቃል። ለዚህ ሐረጎ አይሆንም፤ የከሚሴው መንገድ ይሻላል። መሣሪያው ደሴም ኮምቦልቻም ካጣህ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱን አትጥላው።

ከካሊብሬሽኑ በፊት ግን የጎማ አላይመንት ይሠራ፣ የኋላውም ጭምር። ራዳሩ የሚስተካከለው መኪናው ቀጥታ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። የኋላ ጎማዎች ትንሽ ወደ ጎን ከገፉ መኪናው የሚሄደውና አፍንጫው የሚያየው አይገጥሙም። ያን ጊዜ ጥሩ ካሊብሬሽንም ዋጋ የለውም። የጎማ ነፋስ ይሞላ፣ ጭነት ይውረድ። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ጆንያ ጤፍ ተጭኖ አፍንጫው ወደ ላይ ባለበት የተካሊበረ ራዳር፣ ጆንያው ሲወርድ አስፋልቱን ያያል።

ወደ ፊውዙ ልመለስ። ኤሌክትሪሺያኑ ሊረዳህ ብሎ እንደተናገረ አልጠራጠርም፤ ምክሩ ግን አደገኛ ነው። በብዙ መኪኖች አንድ ፊውዝ የሚመግበው ከአንድ በላይ ነገር ነው። ራዳሩ ደግሞ ከፍሬን ኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል። ነቅለኸው ስትሄድ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ሁልጊዜ እንደበራ ይቀራል፤ ነገ እውነተኛ የፍሬን ችግር ሲመጣ በየትኛው መብራት ትለየዋለህ? ደግሞም ይህ ነገር ጠላትህ አይደለም። ፒያሳ ላይ ከቆመ ታክሲ ኋላ ሕፃን ብቅ ሲል ካንተ እግር ቀድሞ ፍሬን ሊይዝ የሚችል ነው። እንዲድን እንጂ እንዲሞት አልፈልግም።

እስኪጠገን ድረስ ግን ኋላህ ሲኖ እያለ እንደበራ ይዘኸው አትዙር። ከስክሪኑ ሜኑ ገብተህ አውቶማቲክ ፍሬኑንና ከፊት ያለውን መኪና እየተከተለ የሚሄደውን ክሩዝ አጥፋ። አንዳንድ መኪና ጠፍቶ ሲነሳ አውቶማቲክ ፍሬኑን ራሱ መልሶ ያበራዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመነሳትህ በፊት አረጋግጥ። ድንገት ከያዘብህና ፊትህ ባዶ መሆኑን በዓይንህ ካየህ፣ ነዳጁን ጠበቅ አድርገህ ርገጥ (የኤሌክትሪክ ቢሆንም ነዳጅ ነው የምንለው)፤ በአብዛኞቹ መኪኖች የሾፌሩ እግር ያሸንፋል።

«ራሱን ይነዳል» ያሉህን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርህ፤ አይነዳም። መኪና ራሱን እንዲነዳ የሚያደርገው ቴክኖሎጂ ከ0 እስከ 5 በስድስት ደረጃ ይከፈላል። ያንተ 2ኛ ደረጃ ነው። መሪና ፍጥነት ያግዝሃል፤ ማየቱ፣ መወሰኑና ተጠያቂነቱ ግን ያንተ ነው። ያለ ሾፌር ሰው የሚያጓጉዝ መኪና በዓለም ላይ አለ። ዌይሞ የተባለው ድርጅት አሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ላይ በ2020 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። እነዚያ መኪኖች ግን የሚነዱት አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ በተነሳ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከካሜራና ከራዳር ሌላ በሌዘር የሚያይ ላይዳርም ተጭኖባቸዋል። ያንተን መኪና ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሐረጎ ላይ ልልቀቅለት ላልከው መልሴ በፍጹም አይሆንም ነው። መስመር ጠባቂው የሚከተለው የተቀባውን መስመር ነው። ጠምዛዛው ሲጠብብ መስመሩ ከካሜራው ይወጣል፣ እገዛውም መሐል ላይ ይለቅሃል። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደግሞ ካሜራው ካንተ የተሻለ አያይም። አህያ፣ ግመልና ከብት ላይም አትተማመንበት፤ እነዚህ ሲስተሞች በዋናነት የተለማመዱት መኪና፣ እግረኛና ብስክሌት መለየት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቆመ የጭነት መኪና ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ራዳር የቆመ ነገር ሁሉ ላይ ፍሬን ቢይዝ፣ ድልድይ፣ ምልክትና ምሰሶ ባየ ቁጥር ይቆም ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ክሩዞች በፍጥነት ሲሄዱ የሚንቀሳቀሰውን ይከተላሉ፣ የቆመውን ቸል ሊሉት ይችላሉ። የኛ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማ የተነፈሰበት ተሳቢ ረድፉን ዘግቶ ይቆማል። ምልክቱ ኋላው ላይ የተጣለ ቅጠልና የተደረደረ ድንጋይ ነው። አንተ ቅጠሉን ከሩቅ አይተህ እግርህን ታነሳለህ። መኪናህ ቅጠል ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። መኪናው ከተጠገነ በኋላ ክሩዙን ከከሚሴ ወዲያ ባለው ሜዳ በቀን፣ መንገዱ ሲገለጥ ተጠቀምበት፤ ያሳርፍሃል፣ እኔም እወደዋለሁ። ቁልቁለት ላይ ግን ይጥፋ።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ደሴ ላይ 100 ፐርሰንት ቻርጅ አድርገህ ጠዋት የምትወርድ ከሆነ፣ እስከዚያ መሙላቱን ተው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ትወርዳለህ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ያን ጊዜ የሞተሩ መያዝ ይደክማል፣ ሸክሙ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። 90 ላይ አቁመው። ሸራህ ይቆይልሃል፣ ቁልቁለቱም ቻርጅ ይሰጥሃል።

ካሊብሬሽኑ ሲያልቅ ስካነሩ ያወጣውን ውጤት ፎቶ አንስተህ ያዝ። ከዚያ ከሐርቡ ወዲያ ቀጥ ያለውን መንገድ በጠዋት፣ ኋላህ ማንም በሌለበት ሞክረው። ዳር የቆመ መኪና ባለበት እለፍ፣ ከፊት የሚመጣም ይለፍህ። ዝም ካለ ድኗል። ከያዘ ግን ወደዚያው ጋራዥ ፎቶውን ይዘህ ተመለስ፤ የስካነሩን ውጤትና ያ የቻይንኛ ጽሑፍ የሚለውንም ላክልኝ።