ደንበኛ ሲቀር ቀብዱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ የደሴ ነዋሪ ስሆን፣ ባለቤቶቻቸው መንገድ ሲሄዱ ውሾችን በግቢዬ ተቀብዬ በቀን ሒሳብ እጠብቃለሁ። ቦታዬ የሚበቃው ለአራት ውሾች ብቻ ነው። ባለፈው መስከረም ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዙ ደንበኞች ቀድመው ገንዘብ ልከው ስለያዙት ሌሎችን መለስኩ። ሁለቱ ግን በዋዜማው ማታ «ጉዞው ቀርቷል» ብለው ደወሉ፤ እኔ የአምስት ቀን ቅንጥብጣቢ ከልኳንዳ ቤት ገዝቼ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ገንዘቡን በሙሉ መለስኩላቸው። ለወደፊቱ ምን ዓይነት ደንብ ላውጣ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሚያስፈልግዎ ደንብ ቤት ሲከራይም ሆነ ድንኳን ሲያዝ ሁላችንም የምናውቀው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊያፈርስ እንደሚችል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። በስልክ «ያዢልኝ» ተብሎ የተላከ ገንዘብ ግን ቀብድ ነው ወይስ ቅድመ ክፍያ የሚል ክርክር ስለሚያስነሣ፣ ሲቀበሉ «ቀብድ» ብለው ይጻፉት።

እንደ እኛ አስተያየት ለዓመቱ ሁሉ አንድ ጥብቅ ደንብ አያስፈልግዎትም። በአዘቦት ጊዜ ከሁለት ቀን በፊት ለተናገረ ደንበኛ ቀብዱን ቢመልሱ፣ ምግቡ ገና ስላልተገዛ ብዙም አይጎዱም። መስከረም 21 ለሚውለው የግሸን ንግሥ፣ እንዲሁም ለገናና ለዒድ ሰሞን ግን ቀብዱን የጠቅላላው ሒሳብ ግማሽ አድርገው፣ ውሻው ሊገባ ከሰባት ቀን ያነሰ ከቀረው እንደማይመለስ ይንገሩ። ቀኑንም በስሙ ጠርተው ይጻፉት፤ ውሻው መስከረም 18 የሚገባ ከሆነ፣ ደንበኛው ቀብዱን ሳያጣ መሰረዝ የሚችልበት የመጨረሻ ቀን መስከረም 11 ነው። ለቅሶ ለደረሰበት ሰው ቀብዱን ለሌላ ጊዜ ያሸጋግሩለት፤ ሐዘንተኛን በቀብድ መያዝ ደንበኛውን ብቻ ሳይሆን ዕድርተኛውንም ያስቀይማል።

ሕጉ እርስዎንም እንደሚይዝ ግን አይዘንጉ። የእብድ ውሻ በሽታ የክትባት ካርድ የሌለውን ውሻ ከበር ቢመልሱ፣ ባለቤቱ «ውሉን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ» ብሎ እጥፉን ሊጠይቅዎ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ የመቀበያው ቅድመ ሁኔታ መሆኑን ቀብዱን በሚቀበሉበት ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት አንዱ ቅጂ ከባለውሻው ዘንድ ይቀመጥ።